ሲፈርሙ ማን አየ?

እባካችሁ ተቀመጡ፣ ንግግሬ አጭር ነው። ባለቤቴ ትናንት ሰምታው ግማሹን ቆርጣዋለች።

ሁላችንም «እትዬ አንቀጽ» የምንላቸው እኚህ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ሴት እዚህ ቢሮ የመጡ ቀን ላስደንቃቸው ፈልጌ ነበር። መንግሥት ሲበደር ለአበዳሪው የሚሰጠውን ሰነድ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ከሥር ፈርመው የሚያረጋግጡት እሳቸው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የፈረምኩትን ክምር አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ምስጋና ስጠብቅ፣

«ጌታው፣ ሲፈርሙ ማን አየ?» አሉኝ።

«ባለቤቴ።»

«ባለቤትዎን ሕጉ አያውቃቸውም።»

ክምሩ በሙሉ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስፈርም እሳቸው ከጎኔ ቆመው እጄን ያያሉ። ልጅ የዳርኩ ሰውዬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ!

ሹመት ሳገኝማ ፊርማዬን አሳመርኩት፤ መጨረሻው ላይ ረጅም ጅራት ቀጠልኩበት። ፋይል ውስጥ ካለው ናሙና ጋር አስተያዩትና፣

«ይሄ ጅራት ደግሞ ከየት መጣ?»

«አድገናል እኮ፣ እትዬ።»

«ያደገው ደሞዝዎ ነው። ፊርማዎ እዚያው ነው።»

ጅራቱን ቆርጬ ፈረምኩ። እናንተ ምን ያስቃችኋል? «ይሄ ቀለም ይለቃል» ተብሎ እስክሪብቶውን ያልተቀማ እጁን ያውጣ! አያችሁ?

አሁን ቀልዱን ልተው። እናቴን በቀበርኩ ማግስት፣ ሰነዱ ዛሬ መውጣት አለበት ተብሎ ቢሮ ገባሁ። እስክሪብቶውን ገልብጬ ያዝኩት። የያኔው ኃላፊያችን በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። እትዬ ፎልደሩን ከፊቴ ዘጉና፣ «ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዳይፈርም ሕጉ ይከለክላል» አሏቸው። በሕግ ጉዳይ እሳቸውን ማን ይከራከራል? ኃላፊው ሄዱ። እኔም ቤቴ ገባሁ፤ እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

በኋላ ያንን አንቀጽ ፈለግኩት። የትም የለም። እትዬ፣ በነጠላ ሰረዝ የማይደራደሩት ሴት፣ ለእኔ ሲሉ ሕግ ፈጠሩ! እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም። አመሰግናለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ያለ እሳቸው መፈረም ያስፈራኛል። የሚተካቸው አረጋጋጭ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩ እኔን ያከብረኛል።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። እትዬ፣ ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ የሚያጠግብ የጠዋት እንቅልፍ ይስጥዎ። ደግሞ ይሄኛው አንቀጽ በእርግጥ አለ፣ ያላመነ አውጥቶ ያንብበው፦ ፈራሚው ከሥራ ቢለቅም ፊርማው እንደጸና ይቆያል።

ለጤናዎ!