ያረጀ ብር የማይቀበሉት አናጢ

ሽማግሌው አናጢ ከዓይን ክሊኒኩ እየተራገሙ ሲወጡ፣ ባንክ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ አየቻቸውና መንገዱን ተሻግራ መጣች።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ጉድ ሠሩኝ! ለነገው ቀዶ ሕክምና ልከፍል ብሄድ፣ 'ሐሰተኛ ነው' ብለው ብሬን መለሱልኝ። ሁለት በር ሠርቼ ያገኘሁትን! እስቲ እዪው፣ እጥፋት እንኳ የለውም።"

ልጅቱ ኖቶቹን ዳሰሰች፣ አንዱን ወደ ፀሐይ አንስታ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"የሁሉም ተራ ቁጥር አንድ ነው። እውነተኛ ኖት መንታ የለውም፣ ጋሼ።"

"ድሮስ ወረቀት ምን ይታመናል! የጥንቱ ብር ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ይጮህ ነበር።"

"የጥንቱስ ጠርዙ እየተፋቀ ጎድሎ ሲዞር አልነበር? ነጋዴው ብረት መሸከም ቢታክተው አደራ አስቀምጦ ደረሰኝ ያዘ፤ ደረሰኙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ገንዘብ ሆነ። ኋላ መንግሥት ቃሉን ሰጠበት። ለመሆኑ እርስዎ ብር የሚለዩት በምንድን ነው?"

"በአዲስነቱ ነዋ! የሥራ ቤቴ በር ላይ በጠመኔ ጽፌያለሁ፤ ያረጀ አልቀበልም። ትናንት ጎረቤቴ ልብስ አጣቢዋ ለልጆቿ አልጋ ልታሠራ በፕላስተር የተጣበቀ ብር ብታመጣ መለስኳት።"

ልጅቱ ነደደች።

"እውነተኛውን አባረው ሌባውን አቀፉ! እሷ እጇ እስኪላጥ አጥባ ያመጣችው ብር ያረጀው ስንቱ አምኖ ስለተቀበለው ነው። ቢቀደድ ባንክ ይቀይረዋል። የእርስዎን ግን ማን ይቀይረዋል?"

ሽማግሌው ከኪሳራው ይልቅ የሴትየዋ ፊት ትዝ ብሏቸው አፈሩ።

"ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ።"

"ጣትዎስ? ጣውላ ላይ ፀጉር የምታህል ሻካራ የማታመልጥዎ ሰው! ይጨፍኑና ይዳስሱ።" ከቦርሳዋ ያረጀ ብር አውጥታ ሰጠቻቸው።

"ጽሑፉ ይቆረቁራል!" አሉ ተገርመው። ሐሰተኛውን ሲነኩት ግን ልሙጥ ነበር።

"አዩ? ይዳስሱ፣ ወደ ብርሃን ያንሡ፣ ተራ ቁጥሩን ያስተያዩ። ሦስቱን ለመፈጸም አንድ ምስማር የሚመቱበትን ያህል ጊዜ አይፈጅም።"

ሐሰተኛውን ለፖሊስ አስረክበው፣ የሰጣቸውንም ሰው ጠቁመው፣ አናጢው በቀጥታ ወደ ልብስ አጣቢዋ ቤት ሄዱ።

"ብሬ እኮ ከትናንት ወዲህ አላማረበትም" አለቻቸው በሩን ገርበብ አድርጋ።

"ያረጀሁትስ እኔ ነኝ፣ እህቴ። ይቅር በይኝ።"

ጨፍነው እየዳሰሱ የአልጋውን ዋጋ ተቀበሉ። ክሊኒኩም የተከፈለው በዚያው ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የዓይናቸው ፋሻ ተፈትቶ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ፣ አጥርተው ያነበቡት የመጀመሪያ ጽሑፍ በበራቸው ላይ ያለው የራሳቸው የእጅ ጽሕፈት ነበር። በእጅጌያቸው አጠፉትና የአልጋውን እግር መላግ ጀመሩ።