ዶሮ ያሳደገችው ዳክዬ

ኦቦ ዲዳ በኦሮምኛ የተከበረ ስም ይዘው አድገዋል። አማርኛ የሚናገር የአዳማ ሰው ግን ይህን ስም ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ እንደ እሳቸው ያለ ተናጋሪ በከተማው ተፈልጎ አይገኝምና። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ከሸንኮራው ወፍጮ ሥር፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ሲያወሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ጩኸቱን እዚያው ትተውት ድምፃቸውን ብቻ ይዘው መጡ። ጎረቤቶቻቸው ኦቦ ዲዳ ራዲዮ የሌላቸው ራዲዮ ስለማያስፈልጋቸው ነው ይላሉ።

አንድ ማለዳ ከፍራንኮ ሰፈር ባጃጅ ሲሳፈሩ አንድ ካርቶን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ነበር። ካርቶኑ ደግሞ «ጲው፣ ጲው» ይላል። ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ነጭ ጋዋኗን አጥፋ በክንዷ ይዛለች።

«አካም ቡልተኒ፣ አባቴ?» ብላ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ልጄ። እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፤ በሽተኛ ይዣለሁ።»

«ካርቶን ውስጥ የሚገባ በሽተኛ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

ኦቦ ዲዳ ክዳኑን ገለጥ አደረጉት። ውስጡ ቢጫ የዳክዬ ጫጩት አለ። እግሮቹ ወደ ጎን ተጣመዋል፤ መጋጠሚያቸው አብጧል። ሰው ባየ ጊዜ ሊነሳ ሞከረና በጎኑ ወደቀ፤ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ። ልጅቱ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለች።

«ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ቦኩ፣ መርዳሳ ወጌሻ ዘንድ ነዋ! የመርዳሳን እጅ ታውቂያለሽ? የፋብሪካውን ሠራተኛ ሁሉ ክንድና እግር የጠገነ ሰው ነው። አሽቶ፣ በቀርከሃ አስሮ፣ ቀጥ ያደርግልኛል።»

ባለ ባጃጁ መሳቁን መደበቅ አልቻለም። «ፋዘር፣ ለዳክዬም ወጌሻ አለው እንዴ?»

«አንተ መሪህን ያዝ!» አሉት ኦቦ ዲዳ።

ልጅቱ አልሳቀችም። «አያንቱ እባላለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ» ብላ ካርቶኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። «አባቴ፣ ከመታሰሩ በፊት ጥቂት ልጠይቅዎት? ወድቆ ነበር? ሰው ረግጦት ነበር?»

«ማንም አልነካውም! አንድ ቀን አነከሰ፣ በማግስቱ ባሰበት። አልዋሽሽም፣ የሰው ዓይን ነው ብዬም ነበር። ይህ ዳክዬ እኮ ዝም ብሎ ዳክዬ አይደለም፤ የዘርፉ ዘር ነው።»

ዘርፉ ማን እንደነበሩ ያኔ ነገሯት። ወይዘሮ ዘርፉ ባለቤታቸው ነበሩ። ወንጂ ፋብሪካ ሰፈር ሳሉ ቦይ ዳር ዳክዬ ያረቡ ነበር፤ አዳማ ሲገቡም ዕቃው ሳይጫን ዳክዬዎቹን የጫኑ ሴት ናቸው። አምና አረፉ። ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻዋን እናት ዳክዬ ውሻ በላት። የተረፉትን ዕንቁላሎች የጎረቤታቸው የዙሀራ ዶሮ ታቀፈችላቸው፤ ከዚያ ሁሉ ዕንቁላል የተፈለፈለው ይህ አንዱ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ከዘርፉ ቤት የሚቀር ዳክዬ የለም። ኦቦ ዲዳ ይህን ሲናገሩ እንደ ወትሯቸው አልተንዛዙም።

አያንቱ ያበጠውን መጋጠሚያ በጣቷ ዳበሰች። «ምን ይመገባል?»

«እንዴ! ከእኔ የተሻለ ነው የሚበላው! ዶሮዋ በጓሮ ስታዞረው በቆሎ ነበር የምትለቅምለት። እኔ ግን ውሻ እንዳይደርስበት ቤት አስገባሁት። ነጭ በቆሎ ራሴ አስከክቼ፣ ራሴ ነፍቼ እሰጠዋለሁ። ጭቃ አይነካውም፤ ሳሎን ሴራሚኩ ላይ ነው የሚውለው።»

«በቆሎ ብቻ?»

«ብቻ ትላለች! ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

የአያንቱ ፊት ቦግ አለ። የጠፋ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው እንዲህ ያደርገዋል። «አባቴ፣ አይቆጡኝና፣ ይህ ጫጩት ተርቧል!»

«ተርቧል?!» ኦቦ ዲዳ ሲጮኹ ባጃጁ የቆመ መሰለ። «ደረቱን ዳብሺው! በእህል ጢም ብሏል! እኔ ዲዳ፣ የዘርፉን ልጅ አስርቤ?»

«ሆዱማ ጠግቧል። የተራበው ጅማቱና አጥንቱ ነው። ናያሲን የሚባል ቫይታሚን አለ፤ እሱ ካነሰው የዳክዬ ጫጩት እግሩ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ መቆም ያቅተዋል። የዶሮ ጫጩት በጥቂቱ ትብቃቃለች፤ ዳክዬ ግን ከዶሮ እጅግ የበለጠ ይፈልጋል። በቆሎ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደተቆለፈ ነው፤ የጫጩቱ ሆድ ሊከፍተው አይችልም።»

«በቆሎ ቁልፍ አለው ነው የምትዪኝ?»

«በጥሩ አማርኛ እንደዚያው ነው።»

ኦቦ ዲዳ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ያዝኩሽ! እሺ፣ ንገሪኛ፤ ወንጂ የነበሩት የዘርፉ ዳክዬዎች ይህን ቫይታሚን ማን ሰጣቸው? ወረፋ ይዘው ፋርማሲ ይሄዱ ነበር? አንድም ቀን ሲያነክሱ አላየሁም!»

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። ትልቅ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ሲነግሩት «ድሮ ያለዚህ ኖረን የለም ወይ?» ይላል፤ መልስ ያላገኘም እንደሆነ ባለበት ይረጋል። አያንቱ ግን መልሱን ይዛ ስትጠብቅ የነበረች ይመስል ብድግ ልትል ምንም አልቀራት።

«ይሄዱ ነበር እንጂ! ፋርማሲያቸው ቦዩ ነበር! ጭቃውን ቆፍረው ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ የውሃ አረሙን ሲለቅሙ አይውሉም ነበር?»

«ይውላሉ። ማታ ጭቃ ተለቅልቀው ነው የሚገቡት። እኔ እቆጣለሁ፤ ዘርፉ ትስቃለች።»

«እሳቸው ሌላስ ምን ይሰጧቸው ነበር?»

«ምን ትሰጣቸዋለች… አተላ! ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላውን ትደፋላቸው ነበር። ዳክዬዎቼን አሰከርሽልኝ እያልኩ እኮ…»

«እርሾ!» አያንቱ ጮኸች፤ አሁን ባጃጁ በእውነት ቆመ። «አባቴ፣ አተላ ውስጥ እርሾ አለ፤ እርሾ ውስጥ ደግሞ ይኸው የምነግርዎት ቫይታሚን በሽ ነው! እማማ ዘርፉ ስሙን አያውቁትም እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር። እርስዎ ደግሞ ከፍቅር ብዛት ጭቃውንም ከለከሉት፣ አተላውንም አስቀሩበት፤ ሳያስቡት ፋርማሲውን ዘጉበት!»

ሽማግሌው ወደ ካርቶኑ አዩ። ልባቸው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ኩራታቸው ግን ገና ከባጃጁ አልወረደም። «ወጌሻው ይየው» አሉ።

«ይየው። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ወጌሻው ስብራት አለው ካሉ ይታሰር፤ አንድ ቃል አልተነፍስም። ስብራት ከሌለው ግን እርስዎ የእኔን ምክር ይሰማሉ።»

«የዲዳ ቃል ነው!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብትል ትችል ነበር። አላለችም፤ ትልቅ ሰው ከሐሳቡ የሚመለሰው መንገዱን እስከ ጫፍ ሄዶ ሲያየው መሆኑን ታውቃለች። የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ምክራችን ምንኛ ፍሬ ባፈራ!

ቦኩ ሲደርሱ መርዳሳ ወጌሻ ከግቢያቸው ግራር ሥር ታካሚዎቻቸውን አሰልፈው ተቀምጠዋል። ካርቶኑን ሲያዩ ቅንድባቸውን አነሱ እንጂ አልሳቁም። ጫጩቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እግሮቹን በሁለት ጣት ከላይ እስከ ታች ዳበሱ።

«ስብራት የለውም» አሉ ወጌሻው። «ውልቃትም የለውም።»

«ቢሆንም እሰረው እንጂ!»

«ያልተሰበረ ካሰርኩ እኮ ሰባሪው እኔ ነኝ፣ ዲዳ። አንዱን ጅማት ግን አልወደድኩትም፤ ከቦታው ሊሸሽ ዳር ዳር እያለ ነው። ምን አበላኸው?»

ኦቦ ዲዳ ስለ በቆሎውም ስለ ቫይታሚኑም፣ በቆሎ ስላለው ቁልፍ ሳይቀር ተረኩላቸው። መርዳሳ ሰምተው ጫጩቱን ለአያንቱ አቀበሏት።

«በል እንግዲህ፣ ይህ የአጥንት ጉዳይ አይደለም፤ የማዕድ ጉዳይ ነው። ልጅቱን ስማ። ደግሞ ዛሬውኑ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ጅማቱ አንዴ ከሸሸ እኔም እሷም አንመልሰውም።»

ከዚያ በኋላ ኦቦ ዲዳን የሚያቆማቸው ጠፋ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ናያሲን ያለበትን የቫይታሚን ዱቄት ገዙ፤ አያንቱ መጠኑን ለጫጩቱ ክብደት አስልታ፣ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ በየቀኑ ትኩስ እየተበጠበጠ እንዲሰጥ አሳየቻቸው። «አተላውስ?» ብለው ጠየቁ።

«ለዚህ ጨቅላ አይሆንም፤ ይሰክርብዎታል!»

በበቆሎው ላይ ፍሩሽካ ተጨመረ፤ የቆቃ ዓሣም ተቀቅሎ፣ እሾሁ ተለቅሞ፣ ደቆ ቀረበ። እግሩ እንዳይንሸራተት ሴራሚኩ ላይ ጆንያ ተነጠፈ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ተደርጎ፣ ኦቦ ዲዳ ከሥር እጃቸውን ዘርግተው፣ ጫጩቱ ክብደቱ ሳይጫነው እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። አጥር ላይ የተንጠለጠለችው ዙሀራ «ኦቦ ዲዳ፣ ሳሙናም ላቀብልዎት?» ብላ አሾፈች። እሳቸው ግን አልሰሟትም፤ አንደኛው እግር ውሃውን ገፋ! ሌላኛውም ተከተለ!

«ቀዘፈ! ዙሀራ፣ ቀዘፈ! ሰው የለም ወይ በዚህ ሰፈር!» ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ብዙም አልቆየ፤ አያንቱ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩ የኦቦ ዲዳ ነው።

«ሃሎ? ኦቦ ዲዳ?»

ዝም።

«አባቴ፣ ምን ሆኑ? ጫጩቱ ሞተ እንዴ?»

ዝም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ በባዶ ሴራሚክ ላይ የሚረግጥ የእርጥብ እግር ድምፅ መጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቀረበ፣ ራቀ፣ ተመለሰ። «ጲው!» የሚል ተከተለው። ኦቦ ዲዳ ግን ቃል አልወጣቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙትን ስም ያን ቀን በአማርኛው ሆኑት። አያንቱም አለቀሰች።

ዝምታው ግን አንድ ቀን ነው የቆየው። በሳምንቱ ኦቦ ዲዳ ያንኑ ካርቶን ይዘው፣ አያንቱን አስከትለው፣ ቦኩ መርዳሳ ግቢ ደረሱ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ ወጌሻው።

«ላሳሸው አይደለም የመጣሁት፣ ላሳየው ነው!» ብለው ካርቶኑን አጋደሉት።

ዳክዬው ወጣ። ትንሽ ተንገዳገደና ቀጥ ብሎ ሄደ። ክንዱን ያሰረውም፣ ዱላ የተደገፈውም አጨበጨበ፤ ኦቦ ዲዳም አድማጭ አገኙ።

«እዩት! ይህን ልጅ በፍቅር ልገድለው ነበር። በቆሎ ጥሩ ነው፤ በቆሎ ብቻ ግን ጥሩ አይደለም። ለዶሮ የበቃ ለዳክዬ አይበቃም። እንስሳ ሲያነክስ የሰው ዓይን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ምን በላ፣ ምን ቀረበት ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚያውቅም ሰው ጥሩ፤ በጊዜ ከደረሱለት በትንሽ ነገር ይድናል። ደግሞ የምነግራችሁ ለዳክዬ ብቻ አይምሰላችሁ። ሕፃን ልጅ ሆዱ ስለተነፋ ጠገበ አትበሉ! ከገንፎው ጋር አተር፣ ቅጠል፣ ዕንቁላል፣ ዓሣም ከተገኘ ዓሣ ጨምሩበት። እኔ ይህን የተማርኩት ከዚህች ልጅ ነው፤ ከእሷ በፊት ደግሞ ዘርፉ አርባ ዓመት ስታሳየኝ ኖራለች፤ እኔ ስናገር አላየኋትም። ገለቶሚ፤ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ።»

አያንቱ አንገቷን ደፋች። መርዳሳም «እኔ ጋ የማይመጣ በሽተኛ ሲበዛ ደስ ይለኛል» አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳክዬው የሰውን እግር መሃል ለመሃል አቋርጦ ቧንቧው ሥር ደርሷል። እዚያ የውሃ ፍሳሽ ያበሰበሰው ጭቃ አለ። አፍንጫው ድረስ ገባበት። ከታካሚዎቹ አንዷ «ውይ፣ ተጨማለቀ!» ብላ ልታነሳው ተንደረደረች።

ኦቦ ዲዳም ከልማድ እጃቸው ተዘርግቶ ነበር። መለስ አደረጉትና በዚያ የወፍጮ ቤት ድምፃቸው ጮኹ፦

«ተዪው! ፋርማሲ ገብቶ ነው!»