የጠላው በርሜል

ወደ ዘመሮ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«እናቴ፣ በርሜሉን ጣሪያ ላይ ስጭንልዎ ሸተተኝ። ለምን ገዙት?»

«ለማርያም ዝክር ጠላ ልጠምቅበት።»

«ይተዉት። ፋብሪካ ስሠራ የማሽን ግራሶ የምናስለቅቅበት ኬሚካል ነው የነበረበት።»

«ሽታው እኮ ደስ ይላል፣ ጣፈጥ ያለ ነው።»

«እሱ ነው የሚያታልለው። ራስ ያዞራል፣ ጉበት ይጎዳል።»

«አጥቤ በወይራ አጥነዋለሁ።»

«እሱማ ይብሳል። የቀረው ኬሚካል እሳት ሲነካው ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው የሚወጣው።»

«ማኅበርተኛውን ልፈጅ ነበር በለኛ። ማርያም ናት አጠገቤ ያስቀመጠችህ፤ ልጆችህን ታሳድግልህ።»

«አሜን። ለውሃም አይሁን፣ ለሰውም አይስጡት።»

እኔም እሳቸው ከገዙበት ሻጭ ገዝቼ ከበርሜላቸው ጎን ያሰርኩትን በርሜል አስቤ በሆዴ አሜን አልኩ።