የወንዝ ዳሩን መንገድ የናፈቁ እግሮች

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴን ከልብስ ስፌት ፋብሪካው በር አጠገብ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። አንድ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ያሻሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ቆመው የዋሉ ሴት ናቸው፤ ሠፈሩ «እትዬ መቀስ» ይላቸዋል። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የተማረችው፣ ተቀምጣለች።

«እንኳን መጣህ፣ መምህር» አሉኝ። «ይቺን ልጅ ገሥጽልኝ። ጫማሽ ውስጥ ሌላ ጫማ ልክተት እያለች ታደርቀኛለች።»

«ጫማ አይደለም፣ አክስትዬ፤ በእግርሽ ልክ የሚቀረጽ ንጣፍ ነው።»

«ቆሞ የዋለ እግር ያማል። ሲሠራ የዋለ እጅም ይደክማል። ለእጄም ንጣፍ ልታነጥፊለት ነው?»

ሳቅን። ልጅቱ ግን አልተበገረችም። ከያዘችው ጠርሙስ ውሃ አፍስሳ የአክስቷን እግር አረጠበችና ደረቁ ሲሚንቶ ላይ አስረገጠቻቸው። እኔንም ጫማዬን አስወልቃ ከጎናቸው አስረገጠችኝ።

«ተመልከቺ። የመምህሩ እግር መሃሉ ጠበብ ብሎ ነው የታተመው። ያንቺ ግን እንደ ጡብ ሙሉውን ነው። በውስጥ እግርሽ ያለው ቅስት ወርዷል፤ ሸክምሽን የያዘው ጅማት ቀኑን ሙሉ እየተጎተተ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ የመጀመሪያዋ እርምጃ እንደ መርፌ የምትወጋሽ ለዚህ ነው።»

«እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ግድግዳ ተደግፈሽ ስትሄጂ አይቻለሁ።»

ብዙዎቻችን ሥራ ያመጣብንን ሕመም ከዕድሜ ቆጥረን ዝም እንላለን። እኔ ነገሩን ለማቅለል፣ «ቢሞክሩት ምን ይጎዳዎታል?» አልኳቸው። ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣

«ባለቤቴ እዚህች በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር» አሉ። «በወንዝ ዳር እያወጋን ቤት እንገባለን። የሰማውን ቀልድ ሁሉ ለዚያ መንገድ ነበር የሚያስቀምጥልኝ። ካረፈ ሦስት ዓመቱ፤ አንድ ቀንም አልሄድኩበትም። ለጠየቀኝ ሁሉ እግሬን አሞኝ ነው እላለሁ። እግሬ ከዳነ ታዲያ ምን ልበል? ብቻዬን እንዴት አድርጌ ልሂደው?»

ልጅቱ እጃቸውን ያዘች። «ለናፍቆትሽ መድኃኒት የለኝም፣ አክስትዬ። ግን መሄድ ስላልፈለግሽ መቅረትና መሄድ አቅቶሽ መቅረት አንድ አይደለም። ቢያንስ ምርጫው ያንቺ ይሁን።»

እትዬ እግራቸውን ዘረጉላት። «በይ እሺ። ለኪኝ።»

ንጣፉ በሁለት ሳምንት ደረሰ። እንደ ተአምር ግን አልሠራም። የመጀመሪያውን ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ አደረጉት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨመሩ። ጠባቡን ጫማቸውን በሰፊ ለወጡ፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ በፎጣ እግራቸውን እየሳቡ ማፍታታት ተማሩ። እኔን ባገኙኝ ቁጥር ልጅቱን ያሙልኝ ነበር። በሁለተኛው ወር የጠዋቱ ውጋት ተዋቸው። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ አውቶቡሱን አሳለፉትና በወንዝ ዳሩ ሄዱ።

«እንዴት ነበር?» አልኳቸው በማግሥቱ።

«ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጨረስኩት።»

ዛሬ በዚያ ፋብሪካ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የጎማ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በየመሃሉ አረፍ የሚባልበት ወንበርም አለ። አለቃውን የሞገቱት እትዬ ናቸው። የመተኮሻ ክፍሏ ሴት ጉልበቷ ቀሎላታል፤ ሁለት ቆራጮችም ለንጣፍ ተለክተዋል። እትዬም «ችላችሁ አትቀመጡ፤ ሳይብስ ታዩ» እያሉ ለሁሉም ይሰብካሉ።

«ናፍቆቱስ ቀለለልዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልቀለለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሦስት ዓመት ተቀምጬ ነበር የምናፍቀው። አሁን እየሄድኩ እናፍቀዋለሁ።»