እትዬ ሳሙና እና የሚያፏጨው ቧንቧ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ ሳሙና ወደዚህ የጠርሙስ ፋብሪካ የመጡ ዕለት ባልዲና ብሩሽ ይዘው ነበር። ጥበቃው አየት አደረጋቸውና፣ «እናቴ፣ የጽዳት ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ በር ነው» አላቸው።

«የአየር ኮምፕረሰሩስ የት ነው?»

«እሱም በጓሮ ነው።»

«እንግዲያው ልክ ነህ» ብለው በጓሮ ገቡ። የጥገና ኃላፊያችን አዲሷን ቴክኒሻን ለመቀበል እስከ ምሳ ሰዓት ዋናው በር ላይ ቆሞ ቀረ!

እሳቸው ለካ ከኮምፕረሰሩ የታመቀ አየር ወደ ማሽኖቹ የሚወስደውን፣ በየቦታው የሚያፏጨውን ቧንቧ ሁሉ የሳሙና አረፋ እየቀቡ ይዞራሉ። አረፋው ካበጠ ቧንቧው እዚያ ላይ አየር ያፈስሳል ማለት ነው። ስሙ የወጣላቸው ያን ዕለት ነው።

ፎርማን፣ አትደበቅ! ከሥራ ሲወጣ ካፖርቱን በአየር ቱቦ ያራግፍ ነበር። እትዬ የልብስ ብሩሽ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ከአምፖሉ ሁሉ ይልቅ ኤሌክትሪክ የሚበላው ይሄ የምታራግፍበት አየር ነው።» እኔ ደግሞ አንድ ቀን ማሽኑን ባዶውን እየዞረ ትቼው ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ አጥፍተውት አጠገቡ ተቀምጠዋል። «አንተ ሻይ ስትጠጣ እሱ ምን የሚጠጣ መሰለህ?»

አሁን ቀልዱን ልተው። የኤሌክትሪክ ፍጆታችን ከልክ አልፎ የከሰዓት ፈረቃ ይዘጋ ተብሎ ነበር። አርባ ሰው ነበርን፤ የእኔ ባለቤት ነፍሰ ጡር ነበረች። ጥፋቱ ደግሞ የራሳችን ነው። ማሽን አየር ባነሰው ቁጥር ግፊቱን እንጨምራለን፤ ግፊቱ ሲጨምር በየቀዳዳው የሚወጣው ይብሳል፤ እንደገና እንጨምራለን።

እትዬ ሥራ አስኪያጁን በዕረፍት ቀን አስጠሩት። ከሁለቱ ኮምፕረሰሮች ከአንዱ በቀር የተነሳ ማሽን የለም። የአየር ማጠራቀሚያውን ሞላ፣ ጸጥ አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ በራሱ ተነሳ። ሞላ፣ ጸጥ አለ፣ ተነሳ።

«ማሽኑ ሁሉ ቆሟል» አሉት። «ታዲያ ይሄ የሚለፋው ለማን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሳቸው ዞረ። «ስንት ቀን ይበቃዎታል?»

«ሦስት ሳምንት። ከከሰዓት ፈረቃ ልጆች ጋር።»

ስልሳ ሰባት ቀዳዳ ደፈንን። ግፊቱን ዝቅ አደረግን፣ ሁለተኛውን ኮምፕረሰር አጠፋን፤ አንድም ማሽን አየር አላነሰውም። ፈረቃውም ሳይዘጋ ቀረ።

እትዬ፣ ያኔ «አመሰግናለሁ» ስልዎት፣ «መፍቻውን አቀብለኝ» ብለው አለፉኝ። ዛሬ ማምለጫ የለዎትም፤ እናመሰግናለን።

የከሰዓት ፈረቃ ሰዎች፣ ተነሱ፤ ብርጭቋችሁን ከፍ አድርጉ። እትዬ፣ እነዚህ የቆሙት ሁሉ ነገ በስምንት ሰዓት ሥራ ይገባሉ። እርስዎ ይረፉ፤ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ለእትዬ ሳሙና!