ቁጥሩ አይለወጥም

ብቸና ውስጥ ሲም ካርድ የምቀይርባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በየገጠሩ የኔትወርክ ምሰሶ ተተክሎ ኢንተርኔት ገባ የተባለ ሰሞን፣ አሮጌ ሲሙን በፎር ጂ ሊያስቀይር የማይመጣ ሰው አልነበረም። አንድ የገበያ ቀን፣ አንዲት እናት ሴት ልጃቸው የገዛችላቸውን ተች ስልክ ይዘው መጡ። አሮጌዋን ሲም ከመሐረባቸው ቋጠሮ ፈቱና ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ መልሰው ጨበጧት።

«ቁጥሩ ይለወጣል?» አሉኝ።

«አይለወጥም፣ እማማ።»

«ማልልኝ። ወንዱ ልጄ የሚያውቀው ይህንኑ ቁጥር ነው። በመተማ በኩል ከአገር ከወጣ አራት ዓመቱ። ደውሎም ይሆናል እኮ፤ እኛ ቀዬ ኔትወርክ አልነበረም። አሁንማ ፊትም ያሳያል አሉ።»

«ቁጥሩ አይለወጥም፤ ፊትም ያሳያል» ብዬ ማልኩላቸው። ሲሙን ቀየርኩና ስልኩን ሰጠኋቸው፤ መሥራቱን እንዲያዩትም ከራሴ ስልክ ደወልኩላቸው። ጠራ። እሳቸው ግን አላነሱትም። በሁለት እጃቸው ይዘው ያዳምጡታል።

«ያንሱት እንጂ፣ እማማ፤ እኔ ነኝ የደወልኩት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «እሱ ሲደውል እንዴት አድርጎ እንደሚጠራ ልስማው ብዬ ነው።»

ጥሪው ራሱ እስኪቋረጥ ጠበቅኩ። ከኋላቸው ተራ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ቶሎ በል አላሉኝም። እንደገና ደወልኩላቸው።