ከመኪና ወርዶ እጅ መንሣት

የፌርፋክስ ሠፈሩ ወርቅ ነጋዴ ጋሽ አብዱልሰላም ከሱቃቸው ጀርባ ፓርክ ካደረጉ ቆይተዋል፤ ከመኪናው መውረድ ግን አቅቷቸዋል። የጎረቤታቸው ልጅ፣ የሕግ ተማሪዋ ኸውላ፣ ድንገት በዚያ ስታልፍ አየቻቸውና መስኮቱን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?»

እዚሁ ውጭ አገር ተወልዳ ስላደገች «አንቱ» አትልም፤ እሳቸውም ከአምስት ዓመት ትግል በኋላ ትተውታል።

«ምኑን ደህና ሆንኩት! አሁን ክሬንሾ መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። ሊገድለኝ ነበር።»

«ምን አድርገህ?»

«አክብሬው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ አብዱልሰላም ሱቃቸው ከተዘረፈ ወዲህ በሕጋዊ ፈቃድ፣ ሥልጠናውንም ጨርሰው፣ ከኮታቸው ሥር ሽጉጥ ይታጠቃሉ። በተኩሱ አንደኛ ወጥተዋል። አሠልጣኙ ፖሊስ ሲያስቆም ስለሚደረገው ሲያስረዳ ግን «ደግሞ ሰው ማክበር ሊያስተምረኝ ነው?» ብለው ስልካቸውን ይነካኩ ነበር። ወሎ ያደገ ሰው የመንግሥት ሰው ቆሞ እያናገረው አይቀመጥም። ስለዚህ የፖሊሱን መብራት ሲያዩ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያወጡም እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ሰደዱ። ፖሊሱ ሽጉጡን መዝዞ ጮኸ። ኋላ ወረቀታቸውን አይቶ ቢለቃቸውም፣ ልባቸው እስካሁን አልተመለሰም።

«የመታጠቂያ ፐርሚቴ ኪሴ ውስጥ ነው። ሕጋዊ ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ፐርሚትህ ግንባርህ ላይ አልተጻፈማ! ሶ፣ ከመኪና አትወርድም። ሞተሩን ታጠፋለህ፣ መስኮቱን ትከፍታለህ፣ ሁለት እጅህን መሪው ላይ ታደርጋለህ።»

«እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ እኔ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ?»

«ኤግዛክትሊ። ከዚያ መታጠቅህን ትነግረዋለህ። ግን ‹ሽጉጥ› በሚለው ቃል አትጀምር። ፐርሚት አለኝ በለው፣ የቱ ጋ እንደታጠቅክ ንገረው፣ ምን ላድርግ ብለህ ጠይቀው።»

«ቆይ ልድገመው። ሽጉጥ መያዜን እነግረዋለሁ፣ ሽጉጥ ግን አልልም። መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ግን አላወጣለትም።»

«ሲያዝህ ታወጣለህ፤ ከየት እንደምታወጣ ነግረህ፣ ቀስ ብለህ። ደግሞ ሽጉጡ ባለበት ጎን ወረቀት አታስቀምጥ።»

«ይሄ ሁሉ ለምን? ወንጀለኛ ነኝ እንዴ?»

ኸውላ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። «ባለፈው እናቴ ሱቅህ ውስጥ እያለች፣ አንድ ሰውዬ ጃኬቱ ውስጥ እጁን ሲከት ምን አደረግክ?»

ጋሽ አብዱልሰላም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መደርደሪያው ሥር ገባሁ።»

«ምን ሊያወጣ ነበር?»

«መነጽሩን።»

«ወንጀለኛ ነበር?»

«ኧረ የጥርስ ሐኪም ነው!»

የፖሊሱን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሐሳባቸው ከመደርደሪያው ሥር ሆነው አዩት። ፖሊሱም እንደሳቸው ፈርቶ ነበር።

«በይ እስቲ አስቁሚኝ» አሏት።

ፖሊስ ሆና ሦስት ጊዜ አስቆመቻቸው። በመጀመሪያው በሩን ከፈቱ። በሁለተኛው ወገባቸው ሳያስቡት ከወንበሩ ተነሣ። በሦስተኛው ላብ ቢያሰምጣቸውም እጃቸው ከመሪው አልተላቀቀም።

በወሩ ባልድዊን ሂልስ ወዳለው ቤታቸው ሲሄዱ ሌላ ፖሊስ አስቆማቸው። አልወረዱም። በእፍረት ፊታቸው እየጋለ «ኦፊሰር፣ ፐርሚት አለኝ፣ ታጥቄያለሁ፣ በቀኝ ጎኔ ነው፣ ምን ላድርግ?» አሉት። ፖሊሱ እጃቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ነገራቸው፤ ወረቀታቸውን አየ፤ ስለ ፍጥነታቸው መክሮ ሸኛቸው።

የጥቅሙን ነገር ማብራራት ካስፈለገ፦ ፖሊሱ አልደነገጠም፣ ፈቃዳቸው አልተነጠቀም፣ ጋሽ አብዱልሰላምም እራታቸው ሳይቀዘቅዝ ደረሱ። እንደደረሱም ኸውላ ጋ ደወሉ።

«ወንበሬ ላይ ተዘፍዝፌ ባናግረው፣ ስለ ጨዋነትዎ አመሰግናለሁ አይለኝ መሰለሽ!»

«ሶ፣ ኦኬ ነህ?»

«ግራ ገብቶኛል» አሉ። «ግን ቤቴ ሆኜ ነው ግራ የገባኝ።»